በዱላ የማይገራ ወፍ፦ የሙስሊሞችና የጭልፊት ታሪክ

 

ልጆች ሳለን አብዛኞቻችን ወፍ አጥምደናል። ወንፊት በስንጥር እናቆማለን፣ ከስሩ ጥሬ እንበትናለን፣ ስንጥሩ ላይ ያሰርነውን ክር ይዘን ከበር ኋላ እናደፍጣለን። ድንቢጧ ገባ ስትል ክሩን ሳብ! ከዚያ በኋላ ያለው ግን እንዳሰብነው አይሆንም። ጥሬ ብንሰጣት አትበላ፣ ውሃ ብናቀርብላት አትጠጣ። በእጃችን መሐል ልቧ ሲደልቅ ይሰማናል። በማግስቱ ካርቶኑን ስንከፍት ደርቃ እናገኛታለን። እናቶቻችንም «የአላህን ፍጡር ምን አድርጋችሁ ነው?» ብለው ይቆጡናል።

እኛ ድንቢጥ እንኳን ማላመድ አቃተን። ከድንቢጥ ባልተናነሰ የሚደነብረውን፣ ጥፍሩና ምንቃሩ ሥጋ የሚቀደውን ጭልፊት ግን ከዱር ይዘው፣ አላምደው፣ ወደ ሰማይ ለቀው፣ ሲጠሩት ወደ እጃቸው እንዲመለስ ያደረጉ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። ታሪኩ የመዝናኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፉቀሃዎቻችን ቁጭ ብለው የመረመሩት፣ ሐላልና ሐራም የተንጠለጠለበት ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። እኛ በአማርኛ «ጭልፊት» ብለን በአንድ ስም የምንጠቀልለውን ዐረቦች ይለያዩታል። የበረሃው አዳኝ «ሰቅር» ነው። ከላይ ወደ ታች ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጥነው «ሻሂን» ነው። ክንፉ አጠር፣ ጅራቱ ረዘም ብሎ በዛፎች መሐል የሚያድነው ደግሞ «ባዚ» ነው። የጭልፊት አሠልጣኝ «ባዝያር»፣ ሙያው «በይዘራ» መባሉ ከዚሁ «ባዝ» ከሚለው ስም የመጣ ነው። እዚህ ግን ለንባብ እንዲቀል ሁሉንም ጭልፊት እንበላቸው።

ወደ መዲና እንመለስ። የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ታናሽ የእናት ልጅ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ «ኑገይር» ይሏታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ እናቱ ወደ ኡሙ ሱለይም ቤት ሲመጡ ሕፃኑን በኩንያው ጠርተው ስለ ወፏ ይጠይቁት ነበር። ሐዲሱን ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ወፏ ሞታ ልጁ አዝኖ እንደነበር የሚገልጹ ዘገባዎችም አሉ። የዑማ መሪ፣ ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ፣ የአንድን ሕፃን ወፍ ጉዳይ ጉዳያቸው አደረጉት! በ335 ሂጅሪያ የሞቱት የሻፊዒይ ዐሊም ኢብኑል ቃስ ከዚች አጭር ሐዲስ ብቻ 60 ያህል ቁም ነገሮችን አውጥተው ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። ዑለማዎች ከሐዲሱ ካወጧቸው ፍርዶች አንዱ ወፍን ይዞ ማቆየት የሚፈቀድ መሆኑ ነው፤ እርግጥ ሳያሠቃዩ፣ ምግቧንና ውሃዋን ሳያጓድሉ።

ይህ «ሳያሠቃዩ» የሚለው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ድመት አስራ ሳታበላት፣ ለራሷም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት በረሃብ የገደለቻትን ሴት ጉዳይ ሁላችንም በኹጥባ ሰምተናል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ መጥታ በላያቸው ክንፏን እያራገበች ትዞር ጀመር። ረሱሉም (ሰ.ዐ.ወ) በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት አዘዙ። የወንፊት ወጥመዳችንን ስናስታውስ ይቺ ሐዲስ ትንሽ ትቆነጥጠናለች።

አሁን ወደ ጭልፊቱ። በሱረቱል ማኢዳህ 4ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ሠልጥነው የሚያድኑ እንስሳት የያዙልንን እንድንበላ ፈቅዷል። ሰው ለእንስሳው የሚያስተምረው አላህ ለራሱ ካስተማረው ዕውቀት መሆኑንም በዚያው አንቀጽ ጠቅሷል። ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) በተለይ ስለ ባዝ አደን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው ወፉ ለባለቤቱ የያዘው እንደሚበላ እንደተነገራቸው ቲርሚዚ ዘግበዋል። ከዚህ በኋላ ፉቀሃዎች ፊት የቆመው ጥያቄ «ሠልጥኗል የምንለው መቼ ነው?» የሚል ነበር። ያልሠለጠነ እንስሳ የገደለው በክት ነውና ነገሩ ቀልድ የለበትም።

በ593 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. 1197) የሞቱት የፈርጋናው ሊቅ ቡርሃኑዲን አል-መርጊናኒ «አል-ሂዳያ» በተሰኘው የሐነፊ ፊቅህ ኪታባቸው ላይ የሰጡትን ማብራሪያ እዩልን። ውሻ ሠለጠነ የሚባለው ያደነውን ሳይበላ ሦስት ጊዜ ሲተው ነው። ጭልፊት ግን ከያዘው ቢበላም ችግር የለውም፤ የእርሱ ምልክት ሲጠሩት መመለሱ ነው። ለምን ተለያዩ? ምክንያታቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የውሻ ሰውነት ዱላ ይችላል፤ መብላቱን እንዲተው ሊመታ ይችላል። የጭልፊት ገላ ግን ዱላ አይችልም። ሁለተኛ፣ የትምህርት ምልክት እንስሳው የለመደውን ባሕርይ መተዉ ነው። ውሻ ከሰው ጋር መኖርን የለመደ ነው፤ ልማዱ መንጠቅ ነውና መንጠቅን ሲተው ተማረ ይባላል። ጭልፊት ደግሞ ባሕርይው መሸሽ ነው። ስለዚህ መሸሹን ትቶ ሲመጣ ተማረ ይባላል።

ሱብሓነላህ! የሚደነብር እንስሳን ጠባይ በዚህ ያህል አጭር ቃል የገለጸ ብዙ አናውቅም። የሻፊዒይ ሊቃውንት ግን በዚህ ላይ ጠበቅ ያሉ ናቸው፤ ኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» ላይ እንዳስቀመጡት፣ በተመረጠው አቋም ወፍም ቢሆን ካደነው አለመብላቱ መስፈርት ነው። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ይቀራሉና የወሎ ደረሳ ይህን ልዩነት ሳያውቀው አይቀርም፤ ምንም እንኳ ጭልፊት በእጁ ይዞ ባያውቅም።

«አል-ሂዳያ» ሌላም ይጨምራል። ሠልጥኖ የነበረ ጭልፊት ከባለቤቱ ሸሽቶ ጥቂት ጊዜ ቆየ እንበል። ከዚያ በኋላ ያደነው አይበላም። የተማረበትን ነገር ስለተወ እንዳልተማረ ይቆጠራል። እንግዲህ ጭልፊት አንዴ ተምሮ የሚጨርስ ተማሪ አይደለም ማለት ነው።

እሺ፣ ዱላ ካልሠራ ምን ሠራ? የዐረብ በዱዎች አሠራር ከጥንት ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም። ጭልፊቶች በመኸር ወራት ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲሰደዱ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ያልፋሉ። አጥማጁ አሸዋ ቆፍሮ ይቀበራል፤ ፊቱን ይሸፍናል፤ በክር የታሰረች እርግብ ይይዛል። ጭልፊቱ እርግቧ ላይ ወርዶ መብላት ሲጀምር ክሩን ቀስ እያለ ወደ ራሱ ይስባል፤ መጨረሻ ላይ እግሩን አፈፍ ያደርገዋል። (ከእኛ ወንፊት ጋር ያለው ዝምድና ይገርማል።)

የተያዘው ጭልፊት ሰው ካየ ይደነብራል፤ ክንፉን ይሰብራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ከማየት መከልከል ነው። በድሮ ጊዜ በምሥራቅም በምዕራብም የዐይኑን ሽፋን በክር የመስፋት ልማድ ነበር። ይህን መደበቅ አንፈልግም፤ ስናነበው ሰውነታችን ይሰቀጥጣል። የሙስሊሙ ዓለም ባዝያሮች ግን ሌላ ዘዴም ነበራቸው፦ «ቡርቁዕ»፣ ከቆዳ የተሠራች፣ ዐይኑን ጋርዳ ምንቃሩን የምትተው ትንሽ ቆብ። ቆቧ ስትደረግለት ዓለሙ ሌሊት ይሆናል፤ ጭልፊት ደግሞ በጨለማ ይረጋጋል። ስትነሳለት ያያል፣ ሲበረግግ ትመለሳለች። ፍርሃቱን በልኩ፣ በትንሽ በትንሹ እንዲቀምሰው ማድረግ ማለት ነው። እግሩ ላይ ቀጭን የቆዳ ጠፍር ይታሰርለታል፤ የባለቤቱ ክንድ በወፍራም መከለያ ይሸፈናል።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሥራውም አብሮ መሆን ነው። ጭልፊቱ ባለቤቱ ክንድ ላይ ይውላል፣ ያመሻል። ቡና ሲጠጣ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ አለ፤ ግመል ሲጫን አለ፤ ሕፃናት ሲጮሁ አለ። የሚበላው ከዚያው እጅ ብቻ ነው። በሚበላበት ጊዜ ስም አውጥተውለት በስሙ ይጠሩታል፤ ስሙን ከጉርሻው ጋር ያያይዘዋል። ቀጥሎ ከክንድ ወደ ክንድ መዝለል ይለምዳል፤ ከዚያ በረዥም ገመድ ታስሮ ከሩቅ ተጠርቶ ይመጣል፤ ማባበያውም «ቲልዋህ» የሚሉት የላባ እስር ነው። መጨረሻ ላይ ገመዱ ይፈታል።

በ1940ዎቹ ማብቂያ በዐረብ በረሃ የተጓዘው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ ይህን አይቶ ተገርሟል። በአገሩ አንድ የዱር ጭልፊት ለማሠልጠን 50 ቀን ያህል ይፈጃል፤ በዱዎቹ ግን በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይጨርሱታል። ምክንያቱን ሲያስረዳ ከወፉ ፈጽሞ ስለማይለዩ ነው ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፤ እኛም አንስተነዋል። «ይሄ እምነት ነው ወይስ ረሃብ? ጭልፊቱ የሚመጣው ስለራበው አይደለም ወይ?» እውነቱን ለመናገር ረሃብ አለበት። የጠገበ ጭልፊት አይመለስም፤ ባዝያሩም ምግቡን ይመጥናል። ነገር ግን ገመዱ በተፈታበት ቅጽበት ያለውን እናስብ። ወፉ ሰማይ ላይ ነው። ከታች ጥንቸልም ወፍም አለ፤ ራሱ አድኖ መብላት ይችላል፣ ተወልዶ ያደገበት ሙያው ነው። የሚይዘው ገመድ የለም። እንደ ውሻ የመንጋ አለቃ የመታዘዝ ተፈጥሮ የለውም፤ ብቻውን የሚኖር ፍጡር ነው። ቢመቱት የሚማረው ያ ሰው አደገኛ መሆኑን ብቻ ነው። ለሳምንታት ከዚህ እጅ ክፉ ነገር እንዳልደረሰበት ካላወቀ፣ ረሃቡ ወደ ጥንቸሉ እንጂ ወደ ሰውየው አያመጣውም። ረሃቡ ያለ አመኔታው፣ አመኔታውም ያለ ረሃቡ አይሠሩም ብለን ነው የምናስበው። እርግብ የምታረቡ ወንድሞች ነገሩ ይገባችኋል፤ አዲስ የገዛችሁትን እርግብ መጀመሪያ ቀን ለቃችሁ ጣራው ላይ የተመለከታችሁበትን ጭንቀት አስታውሱ።

ይህ ሁሉ ደረቅ ትምህርት ከመሰላችሁ የሻይዘሩን የኡሳማ ኢብኑ ሙንቂዝን ትዝታ እንንገራችሁ። ኡሳማ እ.ኤ.አ. በ1095 በሶሪያ በኦሮንቴስ ወንዝ ላይ በምትገኘው የሻይዘር ምሽግ ተወለደ። ዘመኑ መስቀላውያን ሻምን የወረሩበት ነው። አባቱ ሙርሺድ የምሽጉን ገዢነት ለታናሽ ወንድማቸው ትተው ሦስት ነገር ያዙ፦ ጂሃድ፣ አደን፣ ቁርኣን በእጅ መጻፍ። ቀን ጭልፊት ይዘው ይወጣሉ፤ ሌሊት የአላህን ቃል ይገለብጣሉ። ጥሩ ጭልፊት ፍለጋ እስከ ቁስጥንጥንያ ሰው ይልኩ ነበር።

ከጭልፊቶቻቸው አንዱ «አል-የሕሹር» ይባላል። ኡሳማ እንደሚተርከው ይህ ባዚ 13 ዓመት ከአባቱ ጋር ኖሮ ከቤተሰቡ እንደ አንዱ ሆነ። አዳኝ ወፎች ልማዳቸው ለራሳቸው ማደን ነው፤ አል-የሕሹር ግን ለጌታው ያድን ነበር ይላል። የሐማው ገዢ ሺሃቡዲን መሕሙድ የአባቱ ወዳጅ ነበርና ወፉን በውሰት ይጠይቃል፤ ከባዝያሩ ጋር ይላክለታል፤ አድኖበት ይመልሳል።

ኋላ አል-የሕሹር ሻይዘር ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ ኡሳማ ወደ ሐማ ሲሄድ ቁርኣን ቀሪዎችና ተክቢራ የሚሉ ሰዎች ጀናዛ ይዘው ሲወጡ አየ። ማን እንደሞተ ሲጠይቅ የሺሃቡዲን ልጅ ናት አሉት። ለመሸኘት ሊወጣ ሲል ሺሃቡዲን ከለከለው። ቀባሪዎቹ ከተመለሱ በኋላ ሺሃቡዲን ሟቹ ማን እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አለው። ልጅህ አሉኝ አለ። አይደለም፤ አል-የሕሹር ነው! መሞቱን ሲሰማ አስመጥቶ፣ ቃሬዛ አሠርቶ፣ እንዲቀበር አድርጎ ነው።

ለወፍ ጀናዛ ማውጣት በሸሪዓችን ቦታ የለውም፤ ሺሃቡዲን ሐዘኑ ገፋፍቶት ከልክ አልፏል፤ ይህን ሳንናገር አናልፍም። ከልክ ያለፈ ሐዘን ግን ከባዶ አይመጣም። በዚያ ዘመን ጎረቤት ጎረቤቱን በሰይፍ በሚጠብቅበት አገር አንድ ገዢ በውሰት ለሚመጣ ወፍ ይህን ያህል ከተሰበረ፣ 13 ዓመት ሙሉ በየማለዳው ያንን ወፍ በክንዳቸው የተሸከሙት ሙርሺድ ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

ኡሳማ ይህን ያስጻፈው በስተርጅና፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው። ከሻይዘር ከወጣ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር። አጎቱ ከምሽጉ አስወጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1157 (552 ሂጅሪያ) ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሻይዘርን አፍርሶ የሙንቂዝ ቤተሰብን ከነምሽጉ ቀብሯል፤ ኡሳማ የተረፈው በቦታው ስላልነበረ ነው። ከዚያ ሁሉ ፍርስራሽ መሐል ሽማግሌው የአባቱን ጭልፊት ስም፣ ዕድሜውንና የተቀበረበትን ቀን ሁኔታ አልረሳም። በ1188 ደማስቆ ሞተ። «ኪታቡል ኢዕቲባር» የተባለው ይህ መጽሐፉ አንድ ቅጂ ብቻ ቀርቶ ስፔን በኤስኮሪያል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ነበር። በ1880 ሐርትዊግ ዴረንቡርግ የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር ባያገኘው ኖሮ አል-የሕሹርን ማንም አያውቀውም ነበር።

ጥበቡ በሙስሊሞች ዘንድ ብቻም አልቀረም። የሲሲሊ ንጉሥና የሮም ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ (1194–1250) ጭልፊት ያበደበት ሰው ነበር። የዐረብኛ የጭልፊት ኪታብ ቴዎድሮስ በተባለ የአንጾኪያ ሰው አስተረጎመ፤ ትርጉሙንም በ1240 እና 41 ፋኤንዛ የምትባል ከተማን ከብቦ ሳለ ራሱ አረመው። ኋላ በጻፈው ትልቅ የጭልፊት መጽሐፍ ላይ ቆቧን ማለትም ቡርቁዕን ከዐረቦች እንደተማረ፣ የዐረብ ነገሥታትም ባለሙያዎቻቸውን ከነወፎቻቸው እንደላኩለት በግልጽ መስክሯል። ዛሬ አውሮጳዊ አሠልጣኝ ጭልፊቱ ራስ ላይ የሚያጠልቃት ቆብ በዚህ መንገድ የሄደች ናት። ሰውየው ግን በፍቅሩ የተቀጣም ነበር፤ በ1248 ፓርማን ከቦ ሳለ እርሱ ለአደን በወጣበት ቀን ጠላቶቹ ወጥተው ሰፈሩን ዘረፉት።

የኛ ወንድሞችና እህቶች በሚሠሩበት ባሕረ ሰላጤ ይህ ታሪክ አልሞተም። አቡ ዳቢ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ የጭልፊት ሆስፒታል አለ፤ ከ2002 ጀምሮም የኤምሬቶች ጭልፊት የራሱ ፓስፖርት ያወጣል። ስትሰሙት ሊያስቃችሁ ይችላል፤ የፓስፖርቱ ዓላማ ግን ከዱር የተሰረቀ ወፍ ድንበር እንዳይሻገር ነው። ገንዘብ ሲበዛ አጥማጅም በዝቶ ሰቅር ዛሬ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡ አዕዋፍ አንዱ ሆኗልና። ስለዚህ አሁን የሚያድኑበት በአብዛኛው በማራቢያ ጣቢያ የተፈለፈለ ነው። ከዱር ሰቅሮች አንዳንዶቹ ክረምታቸውን የሚያሳልፉት እዚሁ በአገራችን ነው፤ ከገጠር መንገድ ዳር ባለ የስልክ እንጨት ላይ ተቀምጦ ያያችሁት ቡናማ ወፍ ከካዛክስታን የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል።

የድሮዎቹ በዱዎች ደግሞ ሌላ ልማድ ነበራቸው። የበረሃውን በጋ ጭልፊት አይችለውም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየትም ከባድ ነው። ስለዚህ በመኸር ያጠመዱትን፣ እንቅልፍ አጥተው ያላመዱትን፣ ክረምቱን ሙሉ ለድንኳናቸው ሥጋ ያመጣላቸውን ወፍ፣ ሙቀቱ ሲጀምር ጠፍሩን ከእግሩ ፈትተው ይለቁት ነበር። በ1995 ሸይኽ ዛይድ ያስጀመሩት ጭልፊቶችን ወደ ዱር የመመለስ ፕሮግራም ይህንኑ ልማድ የተከተለ ነው። በዚያን ቀን ማባበያ አይወዘወዝም፤ በስሙም አይጠራም። ወፉ ጥቂት ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደመጣበት ያቀናል። በሚቀጥለው መኸር ሰውየው እንደገና አሸዋ ቆፍሮ ይቀበራል፤ ከሌላ የዱር ጭልፊት ጋርም ከመጀመሪያው ሌሊት ይጀምራል።

ወላሁ አዕለም።